ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፦ በውቅያኖስ ላይ 117 ቀን የተንሳፈፉት ባልና ሚስት

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጦር ሠፈራችን የስብሰባ አዳራሽ ከሠራዊቱ ቤተሰቦች ጋር በተደረገው የምሽት ውይይት ላይ፣ ስለ ጽናትና ስለ መንፈስ ጥንካሬ ያዘጋጀነውን ጽሑፍ አንብበን እንደ ጨረስን፣ በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት ከኋላ ወንበር ተነሡ። «መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ «ያነበቡልን ሁሉ ስለ ወንዶቹ ነው። ባሎቻችን ግዳጅ ላይ ሲሆኑ የእኛ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነውን? ወይስ እኛም የምንይዘው ምሽግ አለን?»

እኛም በጦር አካዳሚ ከተማርነውና በማስታወሻ ደብተራችን ከጻፍነው እየጠቀስን መልስ ሰጠን። እመቤቲቱ በትሕትና አዳመጡን፤ አመስግነውም ተቀመጡ። ነገር ግን ፊታቸውን ለተመለከተ ሰው መልሱ እንዳልደረሳቸው ግልጽ ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ጥያቄው ከአእምሯችን አልወጣም። ዕድሜያችን ገና ሠላሳ ያልሞላ መኮንን እንደ መሆናችን፣ በትዳር ከእኛ እጅግ የቀደሙ ሰዎችን ልንመክር አንደፍርም። ስለዚህ ከመምከር ይልቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ ለአንባቢያን ማቅረቡ ይሻላል ብለን አሰብን። ታሪኩ የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። በገዛ ጀልባቸው ውቅያኖስ ለማቋረጥ የተነሡ የአንድ ባልና የአንዲት ሚስት ታሪክ ነው። ሆኖም ስለ ግዳጅ፣ ስለ ስንቅ፣ ስለ ተራ ጥበቃና ስለ ተስፋ የሚያስተምረን ከብዙ የጦር ሜዳ ታሪኮች ያላነሰ መሆኑን አንባቢ ራሱ ይመሰክራል።

ቤታቸውን ሸጠው ጀልባ ገዙ

ሞሪስ ቤይሊና ባለቤቱ ማራሊን በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ የሚኖሩ ሠራተኞች ነበሩ። እርሱ በማተሚያ ቤት፣ እርሷ በግብር መሥሪያ ቤት ያገለግሉ ነበር። ሀብት የላቸውም፤ ስማቸውንም ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሞሪስ ጠንቃቃ፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍና ከተራራ ጋር መዋል የሚወድ ሰው ነበር። ማራሊን በዕድሜ ከእርሱ ብዙ ዓመት የምታንስ ስትሆን፣ በጠባይ የእርሱ ተቃራኒ ነበረች፤ ደፋር፣ ፈገግታ የማይለያት፣ ያሰበችውን ሳታደርግ የማትተኛ ሴት ነበረች።

ቤታችንን ሸጠን በምትኩ የሸራ ጀልባ እንግዛ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ሚስቲቱ ናት። ባልየው በመጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር፤ በኋላ ግን ተስማማ። ቤቱ ተሸጠ፤ ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር ተኩል የማትሞላ ባለ ሸራ ጀልባም ተገዛች። ስሟንም ከሁለቱ ስሞች ቆርጠው በማጋጠም «ኦራሊን» አሏት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በጀልባይቱ ውስጥ እየኖሩ፣ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ፣ ጎደሎዋን እየሞሉ ለታላቁ ጉዞ ተዘጋጁ።

የጉዞው መድረሻ ኒውዚላንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን ወር 1972 ከእንግሊዝ የደቡብ ጠረፍ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሡ። አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግረው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1973 ደግሞ የፓናማን ቦይ አልፈው ፓሲፊክ ወደሚባለው፣ የስሙ ትርጓሜ «ሰላማዊ» ወደ ሆነው ታላቅ ውቅያኖስ ገቡ።

ባሕር ላላየ አንባቢ የእነዚህን ሁለት ሰዎች የዕለት ኑሮ በጥቂቱ ብንገልጥ ይጠቅማል። በትንሽ የሸራ ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ባልና ሚስት አብረው ተኝተው አያድሩም። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ተራ ጥበቃ ይይዛል፤ መሪውንና ሸራውን ይቈጣጠራል፤ የሚያልፍ መርከብ እንዳይገጫቸው አድማሱን ይመለከታል። እኩለ ቀን ላይ ሴክስታንት በሚባለው መሣሪያ የፀሐይን ከፍታ ለክተው፣ ከሰንጠረዥ ጋር አመሳክረው፣ ያሉበትን ሥፍራ በባሕር ካርታው ላይ ያመለክታሉ። የስንቁ ዝርዝር፣ የውኃው መጠን፣ የነፋሱ አቅጣጫ በጉዞ መዝገብ ይሰፍራል። በአጭሩ፣ የሁለት ሰው ጓድ ያለባት ትንሽ የጦር ሠፈር ናት ማለት ይቻላል። በዚህ የሥራ ክፍፍል ሞሪስ አዛዥና መንገድ መሪ፣ ማራሊን ደግሞ የስንቅና የትጥቅ ኃላፊ ነበሩ። አንድ የሚያስገርም ነገር ግን እንጨምር፦ ማራሊን ዋና አትችልም ነበር።

በተጨማሪም በኋላ ዋጋ ያስከፈላቸውን አንድ ጉድለት ሳንጠቅስ አናልፍም። ኦራሊን መልእክት ማስተላለፊያ ሬዲዮ አልነበራትም። ያልያዙት ገንዘብ ጎድሏቸው ብቻ አልነበረም፤ ሞሪስ ከውጭው ዓለም ጣልቃ ገብነት ነጻ መሆን ስለ ፈለገ፣ ሬዲዮ አያስፈልግም ብሎ በመወሰኑ ነው።

የዓሣ ነባሪው ምት

እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1973፣ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 25 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ማለዳ ላይ፣ ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ለመድረስ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው፣ ጀልባይቱን አንዳች ከባድ ነገር ከሥር መታት። ወጥተው ሲያዩ አንድ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ እየደማ በውኃው ላይ ይንፈራገጣል። ከጀልባይቱም ጎን፣ ከውኃው ወለል በታች፣ ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቶ ባሕሩ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

ቀዳዳውን በሸራ ከውጭ ሊሸፍኑት፣ በትራስና በልብስ ከውስጥ ሊወትፉት ሞከሩ፤ ውኃውን በመሳቢያ እየሳቡ ደፉ፤ አልተቻለም። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ቤት ተሸጦባት የተገዛችው፣ የዓመታት ድካም የፈሰሰባት ኦራሊን ሰጠመች። ባልና ሚስቱ በአየር የሚነፋውን ክብ የነፍስ ማዳኛ ታንኳና አንዲት ትንሽ የላስቲክ መቅዘፊያ ጀልባ በገመድ አያይዘው ተቀመጡባቸው።

በዚያች አጭር ጊዜ ያዳኑትን ዕቃ ልብ በሉ። የታሸጉ ምግቦች፣ የውኃ መያዣዎች፣ ኮምፓስ፣ ሴክስታንትና ሰንጠረዦቹ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቢላዋ፣ ፎቶግራፍ ማንሻ፣ የጉዞ መዝገብ፣ ፓስፖርት፣ እንዲሁም ስድስት የአደጋ ምልክት ርችቶች። የዓሣ ማጥመጃው መሣሪያ ግን ከጀልባይቱ ጋር ወደ ባሕሩ ወለል ወረደ።

መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ ወደ ጋላፓጎስ መቅዘፍ ነበር። ለጥቂት ሌሊቶች እጃቸው እስኪቈስል ቀዘፉ። ሞሪስ ያሉበትን ሥፍራ ለክቶ ሲያሰላ ግን የባሕሩ ጅረት ከእነርሱ ቅዝፊያ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ምዕራብ እየወሰዳቸው መሆኑን ተረዳ። ደሴቶቹ ከፊታቸው ሳይሆን ከጎናቸው እያለፉ ነበር። ስለዚህ መቅዘፊያውን አስቀመጡ። ኃይልን በማይቻል ነገር ላይ ከመጨረስ ቈጥቦ መያዝ ይሻላልና።

አዛዡ ሲዝል

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ታሪክ እምብርት ከዚህ ይጀምራል። ጀልባይቱ እስከ ሰጠመችበት ሰዓት ድረስ አዛዡ ሞሪስ ነበር። ዕውቀቱ የእርሱ ነበረ፤ የመጨረሻው ውሳኔም የእርሱ ነበረ። ጀልባይቱ ከሰጠመች በኋላ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ሸክም ሆነበት። ከዕውቀቱ የተነሣ ምን ያህል ከመርከብ መንገድ እንደ ራቁ፣ ውኃቸው ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ የመዳን ዕድላቸው ምን ያህል የጠበበ እንደ ሆነ በሚገባ ያሰላ ነበር፤ ስሌቱም ልቡን ሰበረው። ሬዲዮ አልይዝም ያለው እርሱ ነበርና ጸጸትም ተጨመረበት። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ትኵሳትና የደረት ሕመም ጣለው።

ማራሊን ይህን ባየች ጊዜ አልወቀሰችውም። እኛ ስለዚህ ታሪክ ባነበብነው ሁሉ ካስደነቁን ነገሮች አንደኛው ይህ ነው። ያቺ ጠባብ ታንኳ ሁለት ሰው በወጉ እግሩን ዘርግቶ የማይተኛባት ነበረች፤ በውስጧ ወቀሳ የሚቀመጥበት ቦታ እንደሌለ ሴትዮዋ ወዲያው የተረዳች ይመስላል። ሥልጣኑን ከባሏ ነጥቃ አልወሰደችም፤ ከእጁ ሲወድቅ አነሣችው እንጂ። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው የአበው ምሳሌ ለእርሷ የተነገረ ይመስላል።

ምን አደረገች? በመጀመሪያ ቀኑን በሥርዓት ከፋፈለችው። የምግቡን ዝርዝር ጻፈች፤ የዕለት ራሽኑን ወሰነች፤ ውኃውን በልክ ትቀዳ ነበር። የታሸገው ምግብ እየተመናመነ ሲሄድ ዓሣ ማጥመድ ግድ ሆነ። ማጥመጃ የለም። ማራሊን ከያዘቻቸው ጥቃቅን ዕቃዎች መካከል መርፌ ቁልፍ አገኘች፤ ቆልምማ መንጠቆ ሠራችበት፤ የኤሊ ሥጋ ማታለያ አድርጋ ወደ ባሕር ጣለችው። ዓሣውም ተያዘ። እናቶች የሕፃናትን ጨርቅ የሚያያይዙባት ያቺ ትንሽ መርፌ ቁልፍ፣ በዚያ ሥፍራ ሁለት ነፍስ የምትመግብ መሣሪያ ሆነች።

ታንኳዋን እየተጠጉ የሚያስቸግሩትን የባሕር ኤሊዎች እየያዙ አረዱ። በታንኳዋ ጫፍ የሚያርፉትን የባሕር ወፎች በእጃቸው ያዙ። በመጨረሻም ማራሊን ትናንሽ ሻርኮችን ጅራታቸውን ይዛ ከውኃው እየሳበች ለባሏ ታቀብለው ነበር። ይህን ሁሉ የሚበሉት ጥሬውን ነው። በአገራችን ጥሬ ሥጋ የሚያስጎመጅ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ያለ ሚጥሚጣ፣ ያለ እንጀራ፣ በጨው በተቃጠለ ከንፈር፣ ለዚያውም የኤሊና የወፍ ሥጋ ሲሆን ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ። ከዓሣው ዓይን እንኳ ፈሳሹን ይጠጡት ነበር።

የባሕር ውኃ ጥምን አይቈርጥም። ጨውን ለማስወጣት ሰውነት ከጠጣው የበለጠ ውኃ ያጠፋልና፣ የባሕር ውኃ የሚጠጣ ሰው ፈጥኖ ይሞታል። ስለዚህ ሕይወታቸው በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዝናብ ሲጥል በታንኳዋ ጣሪያ ሸራ ላይ ያቈሩታል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ የጎማና የቀለም ጣዕም ስለነበረው አፍ አያስገባም ነበር፤ ቢሆንም ቅንጣቱ እንዳይባክን ይጠነቀቁ ነበር። የዓሣ እሾኽ የታንኳዋን ጎማ ስለ በሳውም፣ ቀንና ሌሊት በመንፊያ አየር መሙላት የማይቋረጥ ግዳጅ ሆነ። የታመመው ሞሪስም በሚችልበት ሰዓት ሁሉ ይነፋ ነበር፤ ያሉበትንም ሥፍራ መከታተሉን አልተወም። ስለዚህ ሚስቲቱ ሁሉን ሠራች፣ ባልየው ምንም አላደረገም ብንል ሐሰት ይሆናል። እርሷ ተስፋ ይዛ፣ እርሱ ዕውቀት ይዞ፣ ሁለቱ ተደጋገፉ።

በመከራቸው መካከል የሚያስቅ ነገርም አልጠፋም። አንድ ቀን ኤሊ በገመድ አስረው ወደ ጋላፓጎስ እንድትስባቸው ሞከሩ። ኤሊዋም እንደ በቅሎ ታንኳውን መጎተት ጀመረች። ተደስተው ጉልበት ለመጨመር ሁለተኛ ኤሊ አሰሩ። ሁለተኛይቱ ግን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ዋኘች! ሁለት ኤሊዎች ተስበው ተስበው ታንኳዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። እኛ ይህን ስናነብ ብዙ ትዳሮችን አስታወሰን። ኃይል አልጎደለም፤ የጎደለው አንድ አቅጣጫ ነው።

በባዶ ወረቀት ላይ የተሠራ ቤት

ሥጋ በዓሣና በዝናብ ውኃ ሊቈይ ይችላል። መንፈስ ግን በምን ይቈያል? የቅስቀሳና የመንፈስ ግንባታ ሥራ የያዝን እኛ ይህን ጥያቄ በልዩ ትኩረት ተመልክተነዋል።

ማራሊን ከጉዞው መዝገብ ባዶ ገጾች እየቀደደች የመጫወቻ ካርታና ዶሚኖ ሠራች። በጥም ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ ቆዳቸው በጨው የቈሰለ ባልና ሚስት በውቅያኖስ መካከል ተቀምጠው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ከዳንን በኋላ ወዳጆቻችንን ጠርተን እናበላቸዋለን እያለች የግብዣ ምግብ ዝርዝር ትጽፍ ነበር። ማስታወሻዋንም መጻፍ አላቋረጠችም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የሚቀጥለውን ጀልባቸውን ንድፍ አወጡ። ስሙም አስቀድሞ ተሰጠው፤ «ኦራሊን ሁለተኛ» ተባለ። ወጥ ቤቱ የት እንደሚሆን፣ አልጋው እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ስንቁ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ ተከራከሩ። የሚበሉት የሌላቸው፣ መሬት የማይታያቸው ሁለት ሰዎች ስለ አዲስ ጀልባ ወጥ ቤት ሲከራከሩ ያየ ሰው አብደዋል ሊል ይችል ነበር። እኛ ግን ከዚያ የበለጠ ጤናማ አእምሮ የለም እንላለን። ነገን በዝርዝር የሚያቅድ ሰው ዛሬን ለመተው አይቸኩልምና።

ተስፋ ሲባል ብዙ ጊዜ ከሰማይ የሚወርድ ስሜት ይመስለናል። የማራሊን ተስፋ ግን በእጅ የሚሠራ ነገር ነበር። መርፌ ቁልፍ መቈልመም፣ ውኃ መለካት፣ ካርታ መቅደድ፣ የወጥ ቤት ንድፍ መሣል፤ ይህ ሁሉ ተስፋ ነው። ስሜቱ የመጣው ሥራውን ተከትሎ ነው።

ሰባት መርከቦች አለፉ

በባሕር ላይ በቈዩበት ጊዜ ሰባት መርከቦች በአጠገባቸው አልፈዋል። የመጀመሪያው የታየው አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ገደማ ነበር። ርችት ተኰሱ፤ አንዳንዱ እርጥበት ገብቶት ሳይነድ ቀረ። ጮኹ፤ ልብሳቸውን አውለበለቡ። መርከቡ መንገዱን ቀጠለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። በትልቅ መርከብ ላይ የሚጠብቅ ዘበኛ በማዕበል መካከል የምትንሳፈፍ ትንሽ ታንኳን ለማየት በጣም ይቸገራል፤ እነርሱ መርከቡን በግልጽ እያዩት እርሱ አያያቸውም። ርችቱም አለቀ።

አንድ መርከብ ባለፈ ቁጥር የሞሪስ ልብ ይሰበራል። ማራሊን ግን የዕለቱን ራሽን ታድላለች፤ መንጠቆዋን ትጥላለች። አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም? ማን ያውቃል፤ ሰው ናትና ሳታለቅስ አትቀርም። ቢሆንም ዕንባ የዕለት ግዳጇን አላስቋረጣትም።

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1973፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ማራሊን የሞተር ድምፅ ሰማች። ደክሞ የተኛውን ባሏን ቀሰቀሰችው። እርሷም በትንሿ ጀልባ ላይ ሆና ልብሷን እያውለበለበች ጮኸች። ስምንተኛው መርከብ እንደ ሌሎቹ አለፋቸው። ከዚያም፣ ከብዙ ጭንቀት በኋላ፣ ዞሮ ተመለሰ።

መርከቡ «ወልሚ 306» የተባለ የደቡብ ኮርያ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ካፒቴኑ ሱህ ቾንግ ኢል ይባላል። መርከበኞቹ ከአትላንቲክ ባሕር ወደ አገራቸው የሚመለሱ የረጅም ጊዜ ተጓዦች ነበሩ። ባልና ሚስቱን አንሥተው፣ ወተት እያጠጡ፣ ቍስላቸውን እያጠቡ፣ እንደ ወንድምና እንደ እኅት አስታመሟቸው፤ ወደ ሆኖሉሉ ወደብም አደረሷቸው። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ፣ የአገራችን የቃኘው ሻለቃ ጀግኖች በዚያው በኮርያ ሕዝብ ምድር ደማቸውን ማፍሰሳቸውን የሚያስታውስ የሠራዊታችን አባል ይህን የኮርያውያን ደግነት ሲሰማ ልዩ ስሜት ሳያድርበት አይቀርም።

በራሳቸው ቈጠራ በታንኳዋ ላይ 117 ቀን ቈይተዋል። ጅረቱ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ወስዷቸዋል። እያንዳንዳቸው ወደ 18 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል፤ እግራቸውም ሊያቆማቸው አልቻለም። ነገር ግን ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ አንዱ ለሌላው ጠላት ሳይሆኑም ወጡ። እኛ ከሁለተኛው ይልቅ የመጀመሪያው ይቀላል ለማለት እንደፍራለን።

ከዚያ በኋላ

ባልና ሚስቱ የደረሰባቸውን በመጽሐፍ ጻፉ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። በወረቀት ላይ የነደፉት ሕልምም ሕልም ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኦራሊን ሁለተኛ በእርግጥ ተሠራች፤ እርሷንም ይዘው ወደ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ወደ ፓታጎንያ ተጓዙ። ይህን ጊዜ ግን ሌሎች ሰዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ሞሪስ በኋለኛው ዘመኑ ሁሉ፣ በዚያች ታንኳ ላይ ከሞት ያዳነችኝ ባለቤቴ ናት ብሎ ከመመስከር አላፈረም። ማራሊን እ.ኤ.አ. በ2002 ዐረፈች። ሞሪስ ያለ እርሷ አሥራ ስድስት ዓመት ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከተላት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሶፊ ኤልምኸርስት የተባለች እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ስለ ትዳራቸው አዲስ መጽሐፍ ጽፋ ብዙ አንባቢ አግኝታለች። አደጋው ከደረሰ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ ሰዎች ስለዚያ ትዳር ማንበብ መፈለጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለጥያቄው መልስ

አሁን ወደ ሃምሳ አለቃው ባለቤት ጥያቄ እንመለስ። እኛም የምንይዘው ምሽግ አለን ወይ? ብለው ነበር የጠየቁን።

በዚያ ምሽት የሰጠነው መልስ ስሕተት ነበረበት። የሠራዊቱን ባለቤቶች ከኋላ ሆነው የሚያበረታቱ ደጋፊዎች ብቻ አድርገን ነበር የተናገርነው። የማራሊን ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በትዳር ውስጥ ማዕረግ በትከሻ ላይ የተሰፋ አይደለም። አንዱ ሲታመም፣ ሲያዝን፣ ሲዝል፣ ግዳጁ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የወሰደውም ሰው ያለ ኩራት ይወስዳል፤ የሰጠውም ሰው ያለ ኀፍረት ይሰጣል። ባልዋ በግንባር ሳለ ጤፉን በልክ የምታወጣ፣ የታመመ ልጅ ይዛ ሌሊት ወደ ክሊኒክ የምትሮጥ፣ ባሏ ሲመለስ የሚሠሩትን ቤት ከልጆቿ ጋር የምታቅድ ሴት፣ እርሷ ጠባቂ ብቻ አይደለችም። መርፌ ቁልፉን የቈለመመችው እርሷ ናት።

ለሠራዊቱ አባላትም የምንለው አለን። ሞሪስ ሬዲዮ አልያዘም። ኩራት ነበር እንበል፣ ነጻነት መውደድ ነበር እንበል፣ ጀልባው በሰጠመች ሰዓት ግን በዓለም ላይ አንድም ሰው አላወቀም። ከእኛም መካከል ግዳጅ ላይ ሲሄድ ለወራት ድምፁ የማይሰማ፣ «ደኅና ነኝ» የሚል አንድ ቃል ወደ ቤቱ ለመላክ የሚሰንፍ፣ ጭንቀቱን ለሚስቱ መናገር የወንድነት ጉድለት የሚመስለው አለ። ወዳጃችን ሆይ፣ ሬዲዮ የሌለው ጀልባ ላይ ነህ። ዝምታህ ጥንካሬህን አያሳይም፤ ፈላጊዎችህን የት እንዳለህ እንዳያውቁ ያደርጋቸዋል እንጂ። ዕድሉ ባለህ ሰዓት ቃል ላክ። ስትመለስም ሚስትህ ያለ አንተ የያዘችውን ምሽግ እንደ ተራ ነገር አትለፈው፤ ሞሪስ ለዓለም ሁሉ እንደ መሰከረ አንተም ቢያንስ በልጆችህ ፊት መስክርላት።

የተከበሩ እኅታችን፣ በዚያ ምሽት ከኋላ ወንበር የተነሡት፣ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ መልሳችን ይህ ነው። ዘግይቷል፤ ይቅርታ ያድርጉልን። በሚቀጥለው የቤተሰብ ምሽት ይህን ታሪክ በአዳራሹ እናነብበዋለን፤ የፊት ወንበርም ይዘን እንጠብቅዎታለን።

አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለዚህ ነው። አንዱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ የሚዝልበት ቀን አለው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ለዚያ ቀን ነው።